የሚኒስትሩ ንጹሕ ወር

«ጻፊ» አሉኝ ሚኒስትር ውበቱ፣ ጺማቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «በእኔ የመሪነት ወር ከወገን አንድ ጠብታ ደም አልፈሰሰም።»

ጻፍኩ። ውሸት ቢሆን ባልከፋኝ፤ ውሸት መጻፍ ለጸሐፊ አዲስ ነገር አይደለም። ግን እውነት ነበር። ከታኅሣሥ ማርያም ወዲህ ደም ያልፈሰሰው ሰውዬው አንዲት ጥይት እንድትተኮስ ቃል ስላልሰጡ ነው። ጥልያን ከደብረ ማርቆስ ምሽጉ እየወጣ የገበሬውን ጤፍ ከነአውድማው ሲያቃጥል፣ ጭሱን ከደጅ ቆመን አይተን እንመለስና የእሳቸውን ሐሳብ እንጽፍ ነበር። ሐሳባቸው ብዙ ነው። «መሪ ማለት የሚቀመጥ ሰው ነው፤ የሚሯሯጥ መሪ አሽከር መስሎ ይታያል።» ይህን ጽፌያለሁ። «መልካም ተረኛ ማለት የተረከበውን ሳይነካ የሚያስረክብ ነው።» ይህንንም። ገና በጧቱ፣ እህል ሳልቀምስ እንዲህ ያለ ነገር ነው የምጽፈው።

ሰውዬው ከወረራው በፊት አዲስ አበባ ሚኒስትር ነበሩ። የምን ሚኒስትር እንደነበሩ ሲጠየቁ መልሳቸው እንደ ጠያቂው ይለያያል። አንድ ጊዜ ጄኔቭ ተልከው የዓለም መንግሥታት ማኅበር ሲሰበሰብ አይተዋል። እሳቸው «ተሰብስበናል» ነው የሚሉት፤ እኔ ግን አብሯቸው ከሄደ ሰው እንደሰማሁት፣ ከኋላው ወንበር ተቀምጠው የሌላ ሰው ካፖርት ይዘው ነበር። ጥልያን አዲስ አበባ ሲገባ ወደ እናታቸው አገር ወደ ደብረ ወርቅ ሸሹ። እሳቸው «ዘመትሁ» ይላሉ። የእናታቸው ዘመዶች ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ሰጧቸውና አለቃ ሆነው ቁጭ አሉ።

ጸሐፊያቸው መጀመሪያ አንድ ደብተራ ነበር። በኅዳር ለጥልያን ገባ፤ ቀለሙን እንኳ አላስቀረልንም። እኔ፣ የብርጓል፣ የተጠራሁት ያኔ ነው። ፊደል የለየሁት ለወንድሜ ስንቅ ሳመላልስ ከየኔታ አጥር ውጭ ተቀምጬ ስለሆነ፣ ሚኒስትሩ «ያለ መምህር የተማረች ሴት ምን ትጽፋለች» ብለው ለጥቂት ቀን ተጠየፉኝ። ከዚያ የራሳቸውን የእጅ ጽሑፍ አሳዩኝ፤ እኔ እሱን እስከ ዛሬ እጠየፈዋለሁ።

በአገራችን አርበኛ ሞልቷል። የጠፋው ከሌላው አርበኛ በታች መሆን የሚችል አርበኛ ነው። የደምበጫው ግራዝማች አበረ በወንድሜ በእንዳላማው አልታዘዝም አለ። ወንድሜ የጉንደ ወይን ጎበዞች አለቃ ነው፤ እሱም በግራዝማች አልታዘዝም አለ። ፊታውራሪ የሽዋስ በሁለቱም አልታዘዝም አለ። ሚኒስትሩ ደግሞ «ከሚኒስትር በላይ ንጉሥ ብቻ ነው» ብለው ካባቸውን ደረቡ። እንዲህ ተኮራርፈው ሲከርሙ ጥልያን አንድ በአንድ ይቀጠቅጣቸው ነበር። በመጨረሻ የነፍስ አባታቸው አባ ወልደ ሚካኤል አራቱን ሰበሰቧቸው።

«የማርያምን ጽዋ ስትጠጡ ማን ይምራ ብላችሁ ትጣላላችሁ?» አሏቸው።

«አንጣላም። በተራ ነው» አሉ።

«እንግዲያስ ጦሩንም በተራ ያዙት።»

እንዲህ ሆነ። በየወሩ በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ ጽዋዋ ከአንዱ አለቃ ቤት ወደ ሌላው ትሄዳለች። ክዳን ያላት፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ናት። ጽዋዋ ያለችበት ቤት ጌታ የወሩ ተረኛ ነው፤ የተረኛው ቃል የአራቱም ጦር ቃል ነው። ያለ ተረኛው ቃል ሰው ከሰፈር ያነቃነቀ ማርያም ትፍረድበት ብለው ጽዋዋን እየነኩ ማሉ። በጥቅምት የፊታውራሪ የሽዋስ ወንድም መሐላውን ንቆ ሰዎቹን ይዞ ወጣ፤ ገና ጥልያን ሳያይ በቅሎው ገደል ይዛው ገባች። ከዚያ ወዲህ አለቃው ልድፈር ቢል እንኳ የሚከተለው ወታደር የለም።

ሚኒስትሩ ሥርዓቱን ሲሰሙ ደስታ በደስታ ሆኑ። «ይህ እኮ የጄኔቭ ሥርዓት ነው። እዚያም ፕሬዚዳንቱ በየጉባኤው ይፈራረቃል። ዛሬ የፋርስ ሰው ይቀመጣል፣ በሚቀጥለው የፖላንድ፤ ማንም አይጋፋም፣ ማንም አይጮኽም።»

ወንድሜ ቀና ብሎ አያቸው። «ጌታዬ፣ እኛ በመርዝ ጭስ ስንቃጠል ቆመው ያዩን እነዚያ ሰዎች ናቸው?»

«እነሱማ ናቸው። ሥርዓታቸው ግን ያምር ነበር።»

ይህን ሲናገሩ ከልባቸው ነበር።

እንግዲህ ያ የጻፍኩበት ጧት የጥር ሃያ፣ የአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ ነው፤ ጥልያን ከገባ ሦስተኛው ዓመት። ሚኒስትሩ በማግስቱ ጽዋዋን ሊያስረክቡ ነው። ተረካቢው ወንድሜ እንዳላማው ነው። ግራዝማች አበረ ለርክክቡ ድግስ ብሎ ፈረሰኞቹን አስከትሎ ከደምበጫ ድረስ መጥቷል። ሰንጋ ከዋርካው ሥር ታስሯል፤ ጠላው በጋን በጋን ተደርድሯል። እኔ ደግሞ የወሩን ሐሳብ ማጠቃለያ እየጻፍኩ ነው፤ ነገ በሕዝብ ፊት ይነበባል።

ዘሪቱ የመጣችው ያኔ ነው። የወንድሜ ወታደር የፈንታው ሚስት ናት። ነጠላዋ በእሾህ ተቀዳዷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ከደጃፉ ቆማ ደረቷን እየያዘች፣ «ጌቶች የት ናቸው?» አለች። ወደ ውስጥ አስገባኋት። ውሃ ሰጠኋት፤ ቅሉን እስኪያልቅ ጨለጠችውና ቅሉን አየት አድርጋ ማልቀስ ጀመረች።

«እነ እንዳላማው ቁራ ገደል፣ ሰፈራቸው ላይ ተከበዋል» አለች። «ትናንት በጧት ባንዳው ከሥር ያለውን ምንጭ ያዘ። ጥልያኖቹ በፊት በኩል መትረየስ ተክለዋል። እላይ አንድ ጠብታ ውሃ የለም። እንዳላማው በገመድ አውርዶ ሰደደኝ።»

«ምን አለ?» አልኳት።

«ከኋላ የቆሙት ባንዶች ጥቂት ናቸው፣ ሰው ከኋላቸው ቢመጣባቸው ይበተናሉ ብሏል። ዛሬ ካልደረሳችሁ ግን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወደ ምንጩ ይወርዳል። በጥም ተቃጥሎ ከመሞት ይሻላል ብሏል።»

ከዚህ እስከ ቁራ ገደል የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ያን ሰዓት ቢነሡ በጊዜ ይደርሳሉ፤ ፈረሰኛ ደግሞ ሞልቷል። ሌላ የሚታሰብ ነገር አልነበረም። እኔም ብዕሬን አስቀምጬ ሚኒስትሩ ቃሉን እስኪናገሩ ጠበቅሁ።

ሚኒስትሩ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ሲያስቡ እንዲህ ናቸው።

«ጉዳዩ ከባድ ነው» አሉ። «በጣም ከባድ ነው። በጥድፊያ የማይወሰነውም ስለዚህ ነው።»

«ጌታዬ፣ ውሃ የላቸውም» አለች ዘሪቱ።

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ጨዋ መልእክተኛ ነሽ።» ወደ እኔ ዞሩ። «የሚወርድ ፕሬዚዳንት አዲስ ጉዳይ አይከፍትም። ጄኔቭ ላይ ይህን የጠየቀ ቢኖር ይሳቅበት ነበር። ጉዳዩን ለሚገባው ተረኛ በክብር አስተላልፋለሁ። ጻፊው።»

«የሚገባው ተረኛ እንዳላማው ነው» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

«የተከበበውም እንዳላማው ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ሁለቱን ነገር አትቀላቅይ።»

ዘሪቱ እሳቸውንም እኔንም አየች። ሰውዬው የሚቀልዱ መስሏት እንደሆነ ገባኝ፤ ለመሳቅ ሁሉ ቃጥቷት ነበር። እኔ ግን ከኅዳር ጀምሮ ስጽፍላቸው ስለከረምኩ እንደማይቀልዱ አውቃለሁ።

ወጥቼ ግራዝማች አበረን ጠራሁት። ትልቅ፣ ድምፁ የጎረነነ ሰው ነው፤ ከወንድሜ ጋር በአንድ ገበታ ተቀምጠው በሰላም ተነሥተው አያውቁም። ነገሩን ስነግረው ግን የያዘውን ዋንጫ ጠላ መሬት ላይ አፈሰሰና ተከትሎኝ ገባ።

«ክቡርነትዎ፣ ቃል ይስጡኝ» አላቸው። «ፈረሶቼ ጠግበዋል፣ ሰዎቼም ገና አልሰከሩም።»

«ግራዝማች፣ ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም።»

«ስማኝ። ወሩን ንጹሕ አድርጌ ይዤዋለሁ። አንድ ሰው አልሞተብኝም። ሂድ ብዬህ ነገ አሥር ሬሳ ይዘህ ብትመጣ በማን ወር ይጻፋል?»

«ይጻፋል?» አለ አበረ። ዞሮ እኔን አየኝ። «ምኑ ነው የሚጻፈው?»

«ሐሳባቸው» አልኩት።

«ለሚመጡት መሪዎች ትምህርት ይሆናል» አሉ ሚኒስትሩ። «እንዳላማውም ጎበዝ ልጅ ነው፣ ይወጣዋል። እኔ እምነት አለኝ።»

አበረ ሳይሰናበት ወጣ። ከደጅ ቆሞ የዋርካውን ግንድ በጡጫ ደበደበው። «ይህን ሽማግሌ አንቄ ብገድለው ማርያም የምትቆጣኝ አይመስለኝም» አለኝ።

«ታዲያ ያለ ቃል ሂዱ።»

«እኔ ልሂድ። ማን ይከተለኛል?» ወደ ሰዎቹ በአገጩ አመለከተኝ። ፈረሶቻቸውን እየጫኑ ነበር፤ ግን ስለ ፊታውራሪው ወንድም በቅሎ እየተንሾካሾኩ ነው። «እነዚህ ጥልያንን አይፈሩም። ያቺን ማሰሮ ነው የሚፈሩት። እኔም ብሆን...» አማተበ። «በእጄ ነክቼ ምያለሁ፣ የብርጓል።»

ይህን ሁሉ ወንድ፣ ይህን ሁሉ ጠመንጃ፣ ይህን ሁሉ ፈረስ አየሁና ጠላኋቸው። ሁሉንም። ሚኒስትሩን ብቻ አይደለም። ከሌላው በታች ላለመሆን ሲሉ በአንድ ማሰሮ ሥር የገቡ ጀግኖች። ማሰሮዋ በእንዲህ ያለ ሰው ቤት ስታርፍ ምን ይሆናል ብሎ ያሰበ አንድ እንኳ አልነበረም።

ዘሪቱ ከአጠገቤ መጥታ፣ «ጽዋው ለእንዳላማው ዛሬውኑ ቢሰጥስ?» አለችኝ።

«እሱ እዚያ ነው፤ ማን ይቀበልለታል?»

«ባለቤቱ ሲርቅ ቤቱ አይደል የሚቀበለው? ፈንታው ቆላ በወረደ ጊዜ የሚካኤልን ጽዋ የተቀበልኩለት እኔ ነኝ።»

ልክ ነው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው፤ አባቴ ታሞ በተኛበት ዓመት እናቴ ተቀብላለታለች። ወንድሜ ሚስት የለውም። ቤቱ እናቴና እኔ ነን። እናቴ ጉንደ ወይን ናት፣ እኔ እዚህ ነኝ።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥሁ። አባ ወልደ ሚካኤል ከዕቃ ቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ለነገው መጐናጸፊያ ያራግፉ ነበር። ነገርኳቸው። ሲሰሙ መጐናጸፊያውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉት።

«ለቤቱ ይሰጣል፤ ልክ ነሽ» አሉ። «ግን ዕለቱ ነገ ነው።»

«ዕለቱ የሚገባው በዋዜማው አይደለም ወይ አባ?»

«በዋዜማው ነው። ደወሉ ሲደወል።»

«ይደውሉልኛ።»

«ገና ረፋድ እኮ ነው፣ ልጄ። ዋዜማ ከቀትር በኋላ ነው። ካህናቱ እንኳ አልመጡም።»

«ወንድሜ ከቀትር በኋላ ብዙ ጊዜ የለውም።»

ሽማግሌው ወደ ፀሐዩ አዩ። እንደገና ወደ እኔ አዩ። «በዕለቷ ቀልጄ አላውቅም» አሉ። «ቀትር ትሁን፤ ከዚያ በፊት አልችልም። ካህናቱን ልጥራ።»

ለመንኳቸው። አልሰሙኝም። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያን ቀን ግን ክፉ ያልሆነ ሰውም ይቀፈኝ ነበር። ከደወሉ ሥር ተቀምጬ የራሴን ጥላ ስታጥር አየሁ። ጥላዬ እግሬ ሥር ስትገባ አባ ተነሥተው ደወሉ፤ ካህናቱ ገና ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ሲሮጡ ይታዩ ነበር።

ከአባ ጋር ወደ ቤቱ ስገባ ሚኒስትር ውበቱ ምሳ እየበሉ ነበር። እጃቸውን እስኪታጠቡ ጠበቅናቸው።

«ጽዋዋን ልረከብ መጥቻለሁ» አልኩ።

«ርክክቡ ነገ ነው።»

«ዋዜማው ተደውሏል፤ ዕለቱ ገብቷል» አሉ አባ።

«ለሴት?»

«ለቤቱ ነው፣ ክቡርነትዎ። የእርስዎ እናት ነፍሳቸውን ይማርና፣ እርስዎ አዲስ አበባ ሳሉ የእርስዎን ተራ ስንት ዓመት ተቀብለዋል። ያኔ ሴት አልነበሩም?»

ይህ አሳፈራቸው። ግን እንዲህ ያለ ሰው ሲያፍር ይብስበታል። ተነሥተው ካባቸውን ለበሱ፣ ጽዋዋን ከመስኮቱ ላይ አወረዱ፣ ተመልሰው ተቀመጡና ጭናቸው ላይ አደረጓት። ልቀበል እጄን ዘረጋሁ።

«ሥርዓት አለው» አሉ። «የሚያስረክብ ሰው ቃል ያሰማል። አጭር ነው።»

ከደጅ ፈረሶች ሲያንኮራፉ ይሰማል። ግራዝማች አበረ ሰዎቹን ኮርቻ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። ሚኒስትሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። መሪነት ሸክም ስለመሆኑ። ከልዩ ልዩ ወገን የመጡ አለቆችን አንድ ማድረግ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ። ጄኔቭ ላይ አንድ የኖርዌይ ሰው ወንበሩን ሲያስረክብ ስላለቀሰው እንባ። የእሳቸው ወር በጥሞናው ሲታወስ እንደሚኖር። እኔ የጻፍኩት ነው ሁሉም፤ ቀጥሎ ምን እንደሚሉ አውቀዋለሁ፤ ገና ስንት እንደቀራቸውም አውቃለሁ። በበሩ የገባው ብርሃን ከመድረኩ ተነሥቶ ምድጃው ዘንድ ደረሰ። «አምስተኛ» ሲሉ ጐንበስ ብዬ ጽዋዋን ከጭናቸው ላይ አነሣኋት።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «አልጨረስኩም።»

«ተቀብላለች» አሉ አባ ወልደ ሚካኤል።

ወጣሁ። አበረ ከፈረሱ ላይ ሆኖ የያዝኩትን አየ።

«ተረኛዋ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ቃልሽስ?»

«ሂድ።»

«ከዚያ ቤት ይህን ያህል አጭር ንግግር ሲወጣ የመጀመሪያው ነው» አለና ፈረሱን ኮረኮረው። ሰዎቹ ጽዋዋን አይተው እየተሳለሙ ተከተሉት። አቧራው ሳይበተን ዘሪቱና እኔም በእግራችን ተከተልናቸው።

የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ማስረዘም እኔን ደስ አይለኝም። ወንድሜ እንዳለው አደረገ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የቻሉትን ይዞ ወደ ምንጩ ወረደ። አበረ ከኋላ የደረሰው ገና ተኩሱ ሳይበርድ ነው፤ ባንዶቹም ወንድሜ እንዳለው ወዲያው ተበተኑ። ጥልያኖቹ መትረየሳቸውን ነቅለው ሄዱ። በሕይወት የተረፈው ሰው በልቡ ተኝቶ ከምንጩ ሲጠጣ አገኙት፤ የዘሪቱ ባል ፈንታው አንዱ ነው። አሥራ አንዱ ከዳገቱ ላይ ቀሩ። ወንድሜ ከሁሉ ፊት ነበር። ከምንጩ ዘንድ ለመድረስ የቀረው አንድ ሰው ቆሞ ሌላውን ሰው ሳይጮኽ የሚያነጋግርበት ያህል ነው።

በማግስቱ በማርያም ቀን፣ ጥልያን ተመልሶ ይመጣል ተብሎ ስለተፈራ፣ በቅርቡ ካለው ቤተ ክርስቲያን ቀበርናቸው። ፊታውራሪ የሽዋስና አባ ወልደ ሚካኤል ደረሱ፤ ሚኒስትሩም በበቅሎ መጡ፤ ለድግሱ ያዘጋጁትን አዲስ ነጭ ልብስ ለብሰው ነበር። ከመቃብሩ ዳር አጠገቤ ቆሙ።

«እግዜር ያጽናሽ» አሉኝ። «ጀግና ነበር። ሁልጊዜም ተናግሬያለሁ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«የርክክቡን ሰዓት በትክክል እንድትጽፊው ይሁን። ትናንት ከቀትር በኋላ ያለው ሁሉ ከእኔ ወር ውጭ ነው። እኔ ለስሜ ብዬ አይደለም፤ ሥርዓቱ እንዳይበላሽ ነው።»

አፋቸው ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ሰንጋውን አርደውት ነበር ማለት ነው። ወንድሜን የሸፈነው አፈር ገና እርጥብ ነው፤ እሳቸው ከጥርሳቸው መሐል የቀረውን በምላሳቸው እየፈለጉ ስለ ሰዓት ያወሩኛል። ከዚያ በፊት ሰውን ጠልቼ አውቃለሁ። እንዲህ ቆዳዬን እስኪያሳክከኝ የተጠየፍኩት ግን የለም።

ሰዉ ከመቃብሩ ሲመለስ አለቆቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ተቀመጡ። መርዶ የሚነገርላቸው ቤቶች አሉ። ሟቾቹ ሁሉም የጉንደ ወይን ዙሪያ ልጆች ናቸው፤ ቤተሰቦቻቸው መከበባቸውን እንጂ መሞታቸውን አልሰሙም። ማን ይሂድ ተባለ። ፊታውራሪ የሽዋስ መሬት መሬት አየ። አበረ፣ «ሽማግሌ ይመረጥ» አለ።

«ተረኛዋ አሁንም እኔ ነኝ?» አልኩ።

«ነሽ» አለ አበረ። «እስከ የካቲት ማርያም።»

«እንግዲያስ ሚኒስትር ውበቱ ይሂዱ። በአሥራ አንዱም ቤት እሳቸው ይንገሩ፤ የሞቱበትን ቀንና ሰዓት ሳይቀር። ሰዓት እንዲነገር ይፈልጋሉ።»

ሚኒስትሩ ፈገግ አሉ፤ ኀዘን ያናገረኝ መስሏቸው ነው። «ልጄ፣ ይህ የመንደር ሽማግሌ ሥራ ነው።»

«እርስዎም ሽማግሌ ነዎት።»

«እኔ የመንግሥት ሰው ነኝ። ማዕርግ የሚባል ነገር አለ። ጄኔቭ ላይ ቢሆን...»

«ምለዋል» አለ አበረ።

ፈገግታው ከፊታቸው ላይ ጠፋ። ወደ አባ ወልደ ሚካኤል ዞሩ። አባ መስቀላቸውን እያሹ፣ «ምለዋል፣ ክቡርነትዎ፤ በእጅዎ ነክተው» አሏቸው።

በማግስቱ ማለዳ የመጀመሪያው ቤት የእኛ ነበር። እኔው ነኝ እንዲህ ያደረግኩት። እናቴ ያለምወርቅ ከሌላ ሰው በፊት መስማት ነበረባት፤ ከጩኸት መስማት የለባትም። ነጠላዬን ሳልዘቀዝቅ ለብሼ ከሰዎቹ ኋላ ቆምሁ። እናቴ ጥጃውን ከላሚቱ ነጥላ ስታስር ነበር። ሰዉን አየች። ገመዱን አጥብቃ ቋጥራ ቀስ ብላ ቀና አለች።

ሚኒስትሩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። «የተከበሩ እመቤት» አሉ፣ «አገር በጭንቅ ላይ በምትሆንበት ዘመን መሪዎች ከሚሸከሙት ኀላፊነት ሁሉ...»

«እንዳላማው ነው?» አለች እናቴ።

«...ይህኛው ከባዱ ነው። ልጅዎ ለአገሩ...»

«ሞቶ ነው የመጣችሁት?»

አበረ ከኋላቸው አንድ ነገር አጉረመረመ። «አዎን» አሉ ሚኒስትሩ።

«መቼ?»

«በአስተርእዮ ዋዜማ። ፀሐይ ስትጠልቅ።»

እናቴ እጇን ላሚቱ ጀርባ ላይ አሳረፈች። ለመቆም ያህል ነው። «ቁራ ገደል ውሃ የለውም ብዬው ነበር» አለች። «እዚያ አትውጡ ብዬው ነበር። ውሃ ሳይጠጣ ነው የሞተው?»

የሚኒስትሩ ዓይን ሰዉን ሁሉ ዞረ። እኔን ሲያገኘኝ ቆመ፤ የሚያስጽፉት ነገር ሲጠፋቸው እንደሚያዩኝ አዩኝ። አልረዳኋቸውም።

«እመቤቴ» አሉ፣ «እሱ እንኳ በእኔ ወር አይደለም።»

እናቴ ትክ ብላ አየቻቸው፤ ካባቸውን፣ ጥምጥማቸውን፣ ንጹሕ ጫማቸውን። ከዚያ በእሳቸው አልፋ እኔን ፈለገችኝ።

«የብርጓል፣ ይህ ሰው ማነው?»

ሄጄ እጇን ያዝኩና ነገርኳት። ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደተለመኑ፣ ቀትር እስኪደወል የት እንደተቀመጡ፣ ሁሉንም። ስትሰማ አላለቀሰችም፤ መጨረሻ ላይ ብቻ ጥጃውን ፈታች፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጥጃው ወደ እናቱ ሮጠ። ከዚያ እሪ አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ከየቤቱ ወጣ።

ሚኒስትሩ ከግቢው በር ላይ ቆመው ካባቸውን ይሰበስቡ ነበር። አበረ ሁለተኛው ቤት ከወንዙ ማዶ መሆኑን ነገራቸው። በቅሎአቸው እንድትመጣላቸው ጠየቁ።

«በእግር ነው» አልኳቸው፣ እናቴን እንደደገፍኩ።